ስለ ማንቸስተሩ የግራፊን ተቋም የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ የግራፊን ተቋም ከጻፍኩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ግራፊን የአንድ አተም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ንብብር ነው፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ በፕላስተር ተላጦ እንደተገኘ ነግሬያችሁ ነበር። የተደጋገሙትን መርጬ ልመልስ።

«ግራፊን በፕላስተር ተላጠ ያሉት የምርዎን ነው?»

የምሬን ነው። እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ይባላል። የካርቦን አተሞቹ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ተነባብረዋል። እያንዳንዱ ንብብር ለብቻው ጠንካራ ነው፤ አንዱ ከሌላው የተያያዘው ግን በላላ ጉልበት ነው። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ አንድሬ ጌይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ግራፋይት ላይ ፕላስተር ለጥፈው ላጡት። አጠፉት፣ ለጠፉት፣ ደግመው ላጡት። እየሳሳ ሄደ። ከዚያ ሲሊከን (የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራበት ነገር) ላይ አሳረፉት።

የፕላስተሩን ወሬ ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚደንቀኝ ግን ማየቱ ነው። ሲሊከኑን የሸፈነው ኦክሳይድ (ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የተፈጠረው ስስ ሽፋን) ውፍረቱ ልክ ከሆነ፣ የአንድ አተም ውፍረት ያለው ንብብር በተራ ማይክሮስኮፕ ሳይቀር በቀለም ልዩነት ይለያል። ከእነሱ በፊትም ግራፋይት የላጠ ነበር። ጭንቁ አንዷን ንብብር ለይቶ አይቶ፣ ኤሌክትሪክ አሳልፎ መለካት ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙ፣ በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

«ታዲያ በፕላስተር ከተገኘ 61 ሚሊዮን ፓውንድ የፈጀ ሕንፃ ምን ያደርጋል?»

ቁራጯን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ከእሷ የሚሠራ መሣሪያ ማውጣት ሌላ። የግራፊን ውፍረት 0.335 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ዓይን የማያያት ብናኝ እንኳ በሺዎች እጥፍ ትወፍረዋለች። አንዷ ካረፈችበት ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ በ2015 የተከፈተው ተቋም ዋናውን ንጹሕ ክፍል ከመሬት በታች አድርጎታል፤ የመንገድ ንዝረት እንዳይደርስበት። የሚገቡት ተመራማሪዎች ከራስ እስከ እግር ይሸፈናሉ። ልብሱ የሚጠብቀው ሰውየውን ሳይሆን ሥራውን ነው፤ ከሰው ፀጉርና ቆዳ ብናኝ ይረግፋላ!

«ከብረት 200 እጥፍ ይጠነክራል ይባላል። ለምን ድልድይ አይሠራበትም?»

ይህ ቁጥር እንከን ለሌለባት አንዲት ንብብር ነው። ብዙ ንብብር ብትደራርቡ ተመልሶ ግራፋይት ይሆናል፤ ግራፋይት ደግሞ ይንሸራተታል፣ እርሳስ የሚጽፈውም በዚሁ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ሲነገር ሰው ያሳስታል ባይ ነኝ።

የሚያዋጣው ጥቂቱን ከሌላ ነገር ጋር መቀላቀል ነው። በ2021 ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ኤምስበሪ በምትባል ከተማ የአንድ ጂም ወለል ግራፊን በገባበት ኮንክሪት ተሞልቷል። ሐሳቡ ጥንካሬው ሳይቀንስ ሲሚንቶ መቆጠብ ነው። የሲሚንቶ ዋጋ ስንቱን ጅምር ቤት እንዳስቆመ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ተራ ዜና አይደለም።

«የባሕር ውሃ ያጣራል የሚባለውስ?»

በላብራቶሪ፣ አዎ። የግራፊን ኦክሳይድ (ኦክስጅን የተጣበቀበት ግራፊን) ወንፊት ውሃ ሲነካው ያብጥና ጨው ያሳልፋል። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ የራሁል ናይር ቡድን እብጠቱን ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ አፍኖ ጨው ማስቀረት እንደሚቻል በ2017 አሳይቷል። ከዚያ እስከ ቧንቧችን ግን ገና ብዙ መንገድ አለ።

«ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። እዚህ አገር ይህን ትምህርት ታገኛለች?»

ታገኛለች። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ጅማ ዩኒቨርሲቲም የማቴሪያል ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ትምህርት አላቸው። ፊዚክስም ኬሚስትሪም መውደድ አለባት፤ አንዱን ብቻ ከሆነ ትቸገራለች። ከመምረጧ በፊት እዚያ የሚማር ተማሪ ፈልጋ ታናግር። ላብራቶሪ ውስጥ ምን ምን መሣሪያ እንዳለ፣ ተማሪው ራሱ ይሠራበት እንደሆነ ወይስ ቆሞ ያይ እንደሆነ ትጠይቀው።