ግፊት የለብኝም፤ ታዲያ ኩላሊቴን ለምን እመረመራለሁ?

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ወንድ ነኝ፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ኩላሊቱ ደክሞ እጥበት ላይ ነው። እኔ ስለካ 128/82 ሆኖ «ግፊት የለብህም» ተባልኩ። በደም ምርመራ ክሬቲኒኔ (ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) 1.1 ነው። ሆኖም ወገቤን ስለሚያመኝ ኩላሊቴ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ፤ ሲብስብኝ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ። ግፊት ሳይኖር ኩላሊት ይጎዳል?

መልስ፦ አዎ፣ ይጎዳል። 140/90 ሕመም ብለን ሕክምና የምንጀምርበት መስመር ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ኩላሊቱ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም።

እያንዳንዱ ኩላሊት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። በማጣሪያው መግቢያ ላይ ያለችው ቀጭን ደም ቅዳ ግፊት ሲጨምር ጠበብ እያለች ትከላከላለች። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይህች መግቢያ ትላላለች፤ ስለዚህ ክንድ ላይ 125 የሚነበብ ግፊት እንኳ ሳይበርድ ወደ ማጣሪያው ይገባል። ማጣሪያው የሚቆጣበት ሕመምና በዘር የሚመጣው የኩላሊት ከረጢትም (ኩላሊት ላይ ውሃ የያዙ ከረጢቶች የሚበዙበት ሕመም) ግፊቱ ከፍ ከማለቱ በፊት ሊጀምሩ ይችላሉ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ግፊቱን የሚያመጣው የታመመው ኩላሊት ራሱ ነው።

አሁን ወደ ወገብዎ። እኛ ዘንድ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል፤ በዚህም የተነሳ ጤነኛ ኩላሊት በማስታገሻ ሲጎዳ እናያለን። ቀስ በቀስ የሚደክም ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚያመው ጠጠር ሲኖር (ከጎን ተነስቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ሄድ መለስ የሚል ቁርጠት) ወይም ኢንፌክሽን ሲሆን (ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያለበት) ነው። ሲያጎነብሱና ዕቃ ሲያነሱ የሚብስ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከጡንቻና ከአከርካሪ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያችን የመግቢያ ደም ቅዳ ያጠቧታል፤ ሰውነት ውሃ ባጠረው ጊዜ፣ ማለትም በተቅማጥ፣ በጾም ሰዓት ወይም በኮምቦልቻ ሙቀት ላብ በላብ ሆነው ሲውሉ፣ ጉዳቱ በቀናት ውስጥ ሊደርስ ይችላል። በምትኩ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይውሰዱ፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፉ። ጉበትዎን የሚያምዎ ወይም አልኮል የሚያዘወትሩ ከሆነ ግን መጠኑ መቀነስ ስላለበት አስቀድመው ያማክሩ።

ክሬቲኒን ብቻውን ያሳስታል። ያው 1.2 ለ25 ዓመት ወንድ ሲሰላ የማጣራት አቅሙ በደቂቃ 86 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ለ60 ዓመት ሴት ግን 52 ገደማ ይሆናል። ከ60 በታች ሆኖ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ነው እንላለን። የእርስዎ 84 ገደማ ይመጣል፤ ጥሩ ነው። የጎደለው የሽንት ምርመራ ነው፤ ማጣሪያው ማፍሰስ መጀመሩ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ የመጀመሪያውን ሽንት ይዘው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ከክሬቲኒን ጋር ተነጻጽሮ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ፤ ለአንድ ግራም ክሬቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም በታች መሆን አለበት። ትኩሳት ካለዎ፣ የሽንት ኢንፌክሽን ካለ ወይም ትናንት ከባድ ሸክም ከተሸከሙ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከፍ ካለ በ3 ወር ውስጥ ይደገም። ስኳርዎንም አብረው ይለኩ።

128/82 መድኃኒት አያስጀምርም። ግን አንድ ልኬት ነው፤ ጤና ተቋም ውስጥ ደህና ሆኖ ቤት ውስጥ ከፍ የሚል ግፊት አለ። በተለይ ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ይህን ማጣራት ይገባል። ለ7 ቀን፣ ከእንቅልፍ እንደተነሱና ከመተኛትዎ በፊት፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ይለኩ። ሽንትዎን ይሽኑ፤ ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይለፍ፤ ጫት የቃሙበትን ቀን ይተዉት። ጀርባዎን ደገፍ አድርገው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ 5 ደቂቃ ይቀመጡ፤ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ይሁን። የሚጠቀለለው ጨርቅ ለክንድዎ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀረውን አማካኝ ያውጡ፤ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይዘውት ይምጡ።

ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ማለፍ የለበትም። ችግሩ በርበሬውና ሽሮው ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፣ ድስት ላይ ይጨመራል፣ ወሎ ላይ ደግሞ ቡናውም በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ። ለሚቀጥለው ድልህና ሽሮ ጨው ሳይገባ ይፈጭ፤ ወጡ ሲወጣ ብቻ በልክ ይጨመር። ውሃ በብዛት መጠጣት ኩላሊትን «አያጥብም»፤ ሽንትዎ ፈዛዛ ቢጫ እስኪሆን መጠጣት ይበቃል።

ፊትዎ ወይም እግርዎ ካበጠ፣ ሽንትዎ ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ካወጣ ወይም መጠኑ በጣም ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይታዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ወንድምዎን ይጠይቁ፦ ኩላሊቱ የደከመው በምን ምክንያት ነው? በዘር የሚመጣው ከረጢት ከሆነ እርስዎም ሆኑ ሌሎቹ ወንድም እህቶችዎ አልትራሳውንድ መነሳት አለባችሁ። ስኳር ከሆነ ደግሞ ሁላችሁም ስኳራችሁን በየዓመቱ ተለኩ።