መልስ፦ የኦክ እንጨቱ ለምን ይበሰብሳል?

በእንግሊዝ አገር ሳፎክ ያለው ባለ ሳር ክዳን ቤት ውጪው በሲሚንቶ ከተለሰነ ወዲህ የግድግዳው የኦክ (ጠንካራ የዛፍ ዓይነት) እንጨት ለምን እንደበሰበሰ ጠይቀዋል። ጥፋቱ የሲሚንቶው ነው። ኦክ በየወቅቱ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለሆነ በመካከላቸው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትከፈታለች። በእሷ የገባው ዝናብ መውጫ አጥቶ ከካቡ ላይ የተጋደመውን የግርጌ እንጨት ይበላዋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ለመበስበስ ይጋለጣል።

በወስፌ ወጋ አድርገው ይፈትሹት፤ በቀላሉ ከጠለቀ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠው በኦክ ይቀጥሉት። ሲሚንቶውን በመሮ ቀስ ብለው ያንሱ፤ ማገሩን እንዳይሰብሩ አደራ! ምርጉን በሸክላ አፈር፣ በጭድና በእበት ይጠግኑ፤ ከላዩ የኖራ ልስን፣ ከዚያ ቀጭን የኖራ ቀለም ደጋግመው ይቀቡ። ግድግዳውን ሳያረጥቡ ከጀመሩ ኖራው ይፈረፈራል። ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ግን መጀመሪያ የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል።