ዙሩን ቁጠሩ

ውድ ወጣት ብስክሌተኞች፣

ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ጨርሻለሁ፤ መጀመሪያ ተወዳዳሪ፣ ኋላ አሠልጣኝ ሆኜ። አሁን አሁን ከልምምድ በፊት የምታወሩት ስለ ተከታይ ብዛት ነው። አልፈርድባችሁም። እኔም በእናንተ ዕድሜ ስሜ ሲጠራ ልቤ ይሞቅ ነበር። ግን እስቲ ስለ ሁለት ፈረንሳውያን ላጫውታችሁ።

ዣክ አንክቲል በመንገዱም በትራኩም የተዋጣለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ሚላኖ በሚገኘው ቪጎሬሊ ትራክ ላይ በአንድ ሰዓት 46.159 ኪሎ ሜትር ጋለበ። ጣሊያናዊው ብስክሌተኛ ፋውስቶ ኮፒ ለ14 ዓመት ይዞት የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ ማለት ነው። ፈረንሳይን የሚያዞረውን የብዙ ቀን ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ 5 ጊዜ አሸነፈ። ሕዝቡ ግን ብዙም አልወደደውም። በ1959 ቱር መጨረሻ ላይ ፓሪስ ሲገባ እንዲያውም አፏጨበት። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጀልባ ገዛና «የ59ኙ ፉጨት» ብሎ ሰየማት። እንዲህ ያለ ቀልደኛ ሰው አለመወደዱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሬይሞን ፑሊዶር ደግሞ ቱርን አንዴም አላሸነፈም። በጠቅላላ ሰዓት የሚመራው የሚለብሰውን ቢጫ ማሊያ ለአንድ ቀን እንኳ አልለበሰም። 3 ጊዜ ሁለተኛ፣ 5 ጊዜ ሦስተኛ ወጣ። ሰዉ ግን «ፑፑ» እያለ ያቆላምጠው ነበር። የገበሬ ልጅ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም፤ አንክቲልም የእንጆሪ ገበሬ ልጅ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ነገሩ ያለው ፊታቸው ላይ ነው። አንክቲል ሲጋልብ ጀርባው ንቅንቅ አይልም፤ ሕመሙን ዋጥ ያደርገዋል። ተመልካች ላላየው ሕመም አያዝንም። ፑሊዶር ሲደክመው ያስታውቃል። ይህን ማንም አሠልጣኝ አያስተምርም፤ እኔም አልሞክርም።

የማስተምረው የ1964ቱን ነው። በዚያ ዓመት ቱር ሁለቱ ፑይ ደ ዶም ተራራን ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ወጡ። ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል። መጨረሻ ላይ ፑሊዶር ጥሎት ሄደ። ቢጫው ማሊያ ግን በ14 ሰከንድ ልዩነት አንክቲል ላይ ቀረ።

ሁሉም የሚያወራው ስለዚያ ተራራ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ከዚያ በፊት ሞናኮ ላይ የሆነው ነው። መድረሻው ትራክ ውስጥ ነበር። ፑሊዶር ያለቀ መስሎት አንድ ዙር ሲቀረው ያለ የሌለ ጉልበቱን አሟጦ ፈተለከ። እውነተኛው መድረሻ ላይ ግን አንክቲል ቀደመው። ለአሸናፊው ከሰዓቱ ላይ አንድ ደቂቃ ይቀነስለት ነበር። ፓሪስ ሲደርሱ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ስንት መሰላችሁ? 55 ሰከንድ።

ስለዚህ ትራክ ስትገቡ ተመልካቹን አትዩ፤ ዙሩን ቁጠሩ፣ የመጨረሻውን ዙር ደወል ስሙ። እኔም በወጣትነቴ አንድ ዙር ሲቀረኝ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ጨፍሬ አውቃለሁ። እንደ ፑፑ ግን ማንም አላቆላመጠኝም፤ ሳቁብኝ እንጂ።