ከሱስ የተመለሰውን ወንድማችንን እንዴት እንያዘው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላምዎ ይብዛ። አንድ የማኅበራችን ወንድም ለዓመታት በመጠጥ ሱስ ቆይቶ፣ ሕክምና ገብቶ ወጥቷል። አሁን አብሮን ያስቀድሳል። ግማሾቻችን "በጉባኤ ቆሞ ይመስክር፣ ለወጣቱ ትምህርት ይሆናል" እንላለን። ሌሎቹ "ነገ ይመለስበታል" ብለው ይሸሹታል። እውነትም በቅርቡ አንድ ቀን ጠጥቶ ተገኝቷል። መድኃኒትም ይወስዳል፤ "እምነት ቢኖረው መድኃኒት ምን ያደርግለታል?" የሚሉም አሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት (2፥6-8) ስለ አንድ ጥፋተኛ ይናገራል። ማኅበሩ ቀጥቶታል። ጳውሎስ ግን ቅጣቱ ይበቃዋል፣ አሁን ይቅር በሉትና አጽናኑት ይላቸዋል። ምክንያቱ ምንድን ነው? "ከልክ በሚበዛ ኀዘን እንዳይዋጥ።" ከሱስ የሚያገግም ሰው ጋ ይህ ቃል በቀጥታ ይሠራል። ዐይን እያየው ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ኀፍረቱን የሚያስረሳው አንድ ነገር ያውቃል። እሱም መጠጡ ነው። ስለዚህ ሽሽታችሁ ጥንቃቄ መስሏችሁ ይሆናል እንጂ ሰውየውን ወደዚያው መግፋት ነው።

"ይመስክር" የምትሉት ግን አልተስማማኝም። ቢያንስ አሁን አይሁን። ሰው ሁሉ ፊት "ተላቅቄያለሁ" ያለ ሰው በሳምንቱ ቢወድቅ ምን ያደርጋል? ይደበቃል። ከተደበቀ ደግሞ ማን ይደርስለታል? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ምስክርነት ለእኛ ለሰሚዎቹ ደስ ይላል፤ አጨብጭበን ቤታችን እንገባለን። እሱ ግን ማታውን ብቻውን ነው የሚያድረው።

ማታውን አስቡለት። ሱስ ሰዓት አለው፦ ከሥራ መውጫ፣ ደመወዝ የገባ ቀን፣ ሥራ የሌለበት ማታ። ወንድማችሁን "የትኛው ሰዓት ነው የሚከብድህ?" ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ሁለት ሦስት ሰው ያን ሰዓት ተከፋፍሎ ይያዝ። ማታ ደውሎ "ምንም አልፈለግኩም፣ ዝም ብዬ ነው" ካለ የፈለገው ነገር አለ ማለት ነው። ስብከት አትጀምሩለት። "የት ነህ? መጣሁ" በቂ ነው።

ቢል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ይህን ያውቀው ነበር። በ1935 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) መጠጥ ካቆመ ወራት ብቻ ሆኖት፣ ሥራው ሳይሳካለት በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቀረ። ባሩ እዚያው ነው። ወደ ባሩ ከመግባት ስልክ ወደሚደወልበት ሄደና ለአንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ደወለ። በዚያ ጥሪ ሰበብ ዶክተር ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሌላ ጠጪ ጋር ተገናኘ። ዛሬ በብዙ አገሮች ያለው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ ማለትም ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ሰዎች ማኅበር፣ የተመሠረተው ከዚያ ነው። ዶክተር ቦብ ራሱ ከተገናኙ በኋላ ለሐኪሞች ስብሰባ ሄዶ እንደገና ሰክሯል። ዊልሰን ግን አልተወውም። ከዚያ ወዲህ ነው ቦብ ለሁልጊዜው ያቆመው።

ስለዚህ የእናንተም ወንድም አንድ ቀን ጠጣ ማለት ነገሩ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። ሲያገረሽ ወደ ሐኪሙም፣ ወደ ንስሐ አባቱም፣ ወደ እናንተም ቶሎ መመለስ መቻል አለበት። ጌታ በቀን ሰባት ጊዜ እንኳ ተመልሶ "ተጸጸትሁ" የሚልህን ይቅር በለው ብሏል (ሉቃ. 17፥4)። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ይቅርታ ወዲያው ይሰጣል፤ አመኔታ ግን ቀስ በቀስ ነው የሚመለሰው። የማኅበሩን ገንዘብ ያዥነት ገና ካሁኑ አትስጡት። ለእሱም ጭነት ነው። ቸግሮኛል ካለ ጥሬ ገንዘብ እጁ ላይ ከማስቀመጥ ኪራዩን ራሳችሁ ክፈሉለት። ሰክሮ ሚስቱን ወይም ልጆቹን የሚመታ ከሆነ ደግሞ "ቻይው" እያላችሁ እንዳታስቀምጧት። መጀመሪያ እሷና ልጆቹ ከአደጋ ይውጡ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ "ሕመምተኞች እንጂ ባለ ጤናዎች ባለ መድኃኒት አያስፈልጋቸውም" ያለው ጌታችን ራሱ ነው (ማቴ. 9፥12)። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። ደግሞ ነገሩ የአስተያየት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ነፍስ አለበት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በአንዴ ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊይዘው፣ አእምሮው ሊቃዠው፣ ሊሞትም ይችላል። እንደ ሄሮይን ካለ ዕፅ ለወራት ርቆ የቆየ ደግሞ ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም፤ ቢመለስና ያንኑ ቢወስድ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ "መድኃኒትህን ጣል" የሚለው ሰው ዝም ይበል። መድኃኒት ማቆምና መቀነስ የሐኪሙ ሥራ ነው።

ድግስ ሲኖራችሁስ? ሮሜ 14፥21 ወንድም የሚሰናከልበት ከሆነ ወይን አለመጠጣት መልካም ነው ይላል። የማኅበራችሁን ዝግጅት ለጊዜው ያለ መጠጥ ብታደርጉት ምን ይጎድልባችኋል? ባይሆን እንኳ ሌላ የሚጠጣ ነገር ቀድሞ ፊቱ ይቅረብ። "ለምን አትጠጣም?" የሚል ጥያቄ አይነሳ። "አንድ ብርጭቆ ምንም አያደርግህም" የሚለውንማ ከማኅበራችሁ አጥፉት።

አገልግሎት ስጡት። ከሰው ጋር የሚውልበት፣ መድረክ የሌለው ሥራ ይሁን፤ ወንበር መደርደርም ቢሆን። ብቻውን እንዳትመድቡት። ምስክርነቱን አንድ ቀን ራሱ ይጠይቃችኋል፤ ካልጠየቀም ግዴለም።

እናቱን ወይም ሚስቱንም አትርሱ። ሁሉም "እሱ እንዴት ነው?" እያለ ነው የሚጠይቃቸው። አንድ ሰው ሄዶ "እናንተስ?" ይበላቸው፣ ቁጭ ብሎም ይስማቸው።