ዲኤንፒ ከደብረ ማርቆስ ሆኖ በኦንላይን?

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። በነርሲንግ ዲግሪ ይዘሽ ደብረ ማርቆስ አራት ዓመት ሠርተሻል። አሜሪካ ያለችው የአክስትሽ ልጅ «ዲኤንፒ በኦንላይን ጀምሪ» ብላሻለች፤ አንቺም ካጠራቀምሽው ልትከፍይ ነው። እባክሽ ብሩን ገና አትንኪው።

ዲኤንፒ የነርሶች ዶክትሬት ነው፤ ግን እንደ ፒኤችዲ አይደለም። እኛው ጎጃም ያለውን ዝሆኔ አስቢው፤ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ታማሚውን እንደሚያሻሽል ይታወቃል። «ታዲያ ሰው ለምን ያቋርጠዋል?» ብሎ የሚመራመረው የፒኤችዲ ተማሪ ነው። ያንኑ እንክብካቤ ጤና ጣቢያ ውስጥ የዘወትር ሥራ አድርጎ፣ ነርሶቹን አሠልጥኖ፣ ለውጡን ለክቶ የሚያሳየው ደግሞ የዲኤንፒ ተማሪ ነው። ከሁለቱ የትኛው ነው አንቺን የሚስብሽ? መጀመሪያ እሱን መልሺልኝ።

ወደ ኦንላይኑ ልምጣ። ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔት መማር ይቻላል፤ ክሊኒካል ልምምዱ ግን በአካል ነው። ለረጅም ጊዜ መለኪያው ከዲግሪ በኋላ 1,000 ሰዓት ነበር፤ እሱም ትምህርት ቤቱ በተቀበለው ቦታ፣ በተቆጣጣሪ ሥር የሚሠራ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ገና ስታመለክቺ የአሜሪካን የነርስነት ፈቃድ ይጠይቁሻል። ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብለሽ በኢንተርኔት ብቻ እናስመርቅሻለን የሚል ካጋጠመሽ ሽሺው።

ወደ አሜሪካ መሄድ ከሆነ ሐሳብሽ፣ መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃሽን አስገምግሚ፤ ቀጥሎ ኤንክሌክስን፣ ማለትም የአሜሪካን የነርስነት ፈቃድ ፈተና፣ ተፈተኚ፤ ዶክትሬቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ደግሞም እዚያ ነርስ ፕራክቲሽነር (ታማሚ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ከፍተኛ ነርስ) ለመሆን ዛሬም ማስተርስ ይበቃል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እስከ 2015 እንዲህ ያለው ትምህርት ሁሉ ወደ ዶክትሬት ይሸጋገር ብሎ ነበር፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልሆነም። የአኔስቴዥያ (የማደንዘዣ) ነርስነት ብቻ ይለያል፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚገባ ሰው በዶክትሬት ደረጃ ነው የሚማረው።

እዚሁ ልቆይ ካልሽ ግን ዲኤንፒው ይቅርብሽ። ሆስፒታሎቻችን ውስጥ በእሱ ስም የሚቀጠሩበት መደብ አላየሁም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተርስሽን ያዢ፤ ማስተማርና መመራመር ካማረሽ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ፒኤችዲ አለ። ለአንቺ የሚሻልሽ ይሄኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በደብዳቤሽ ሁሉ ስለ ዋርድሽ ታማሚዎች እንጂ ስለ መውጣት አንድም ቦታ አልጻፍሽም። ከተሳሳትኩ ንገሪኝና የኤንክሌክሱን ነገር አብረን እናየዋለን።