ስክሪፕቱ ይሮጣል፣ ሞለኪዩሉ አልደረሰም

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ሄሞግሎቢንን (ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ፕሮቲን) የሞለኪዩል ቅርጽ በሚያሳየው ፕሮግራም በፓይሞል ለማሳየት ትእዛዞቹን አንድ በአንድ ስጽፋቸው ይሠራሉ። በአንድ ፋይል ደርድሬ ስክሪፕት አድርጌ ሳስነሳቸው ግን «ዜሮ አተም» ይለኛል፤ ሄሙም (ብረት ያለበት ክፍሉ) አይቀላም፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ፕሮግራሙን ሳልዘጋ ደግሜ ሳስነሳው ይስተካከላል። ጓደኛዬ «ሁሌ ሁለት ጊዜ አስነሳው» ብሎኛል። ፓይሞሉ በፍላሽ ያገኘሁት ክራክ (ፈቃዱ የተሰበረ ኮፒ) ነው። ስክሪፕቱን አያይዣለሁ፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ «ደግሜ ሳስነሳው ይስተካከላል» ያልካት ነገር በቃችኝ። ፋይሉን ሳልከፍት ሞለኪዩሉን ከኢንተርኔት የሚያመጣውን፣ ፌች የሚለውን ትእዛዝ ጠረጠርኩ፤ ስከፍተው የመጀመሪያው መስመር እሱው ነው። ፓይሞልህም ቨርዥን 1.8 ነው። ከ2.3 በፊት ያሉት ፌች ሲባሉ ፋይሉን ከጀርባ ማውረድ ይጀምራሉ እንጂ እስኪወርድ አይጠብቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናት እንጀራ ልትጋግር ልጇን ጤፍ አሸክማ ወፍጮ ቤት ላከችው እንበል። ወረፋ አለ፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ዱቄቱ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ፓይሞል ግን ልጁ ከበር እንደወጣ ቡሃቃውን ያቀርባል፣ ውሃ ብቻውን ያቦካል፣ ባዶ ምጣድ ላይ አክንባሎ ይደፋል፤ ከዚያ «ዜሮ እንጀራ ጋግሬአለሁ» ይልሃል። አልዋሸም። ልጁ ዱቄቱን ተሸክሞ ሲደርስ ሥራው ሁሉ አልቋል፣ ዱቄቱም የሚነካው ሳያገኝ ቁጭ ይላል። አረንጓዴው ሞለኪዩልህ ያ ዱቄት ነው። በሁለተኛው ዙር ዱቄቱ ቤት ስለገባ ሁሉም ይሳካል። አንድ በአንድ ስትጽፍ የሚሠራልህም ጣትህ ከኢንተርኔቱ ስለሚዘገይ ብቻ ነው።

መስመሩን «ፌች 4ኤችኤችቢ, አሲንክ=0» አድርገው። 4ኤችኤችቢ የሄሞግሎቢኑ ፋይል መለያ ነው፤ አሲንክ=0 ደግሞ «እስኪወርድ ጠብቅ» ማለት ነው። እኔ እንደሚነበቡ ነው የጻፍኳቸው፤ አንተ በላቲን ፊደል ጻፋቸው። በፓይተን የምትጽፍ ከሆነና ፓይተንህ 3.7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አሲንክ የቋንቋው የራሱ ቃል ሆኗልና ከኋላው የግርጌ ሰረዝ ጨምርበት። እኔ ግን ኔትወርክ ደህና ሲሆን ፋይሉን አንዴ አውርጄ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ፋይል በሚከፍተው በሎድ መክፈት ይሻለኛል። ሎድ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ቆም በል። ስክሪፕትህ «ሪሙቭ ቼይን ሲ+ዲ» (ከአራቱ የፕሮቲኑ ሰንሰለቶች ሁለቱን አውጣ) ይላል፣ መጨረሻው ደግሞ «ሴቭ 4ኤችኤችቢ.ፒዲቢ» ነው። በሎድ የምትከፍተው ፋይል ስሙ ያው ከሆነ፣ ሴቭ ሳይጠይቅህ ኦሪጅናሉ ላይ ይጽፍበታል። ባንተ ፓይሞል ሪሙቭ ያወጣውን አተም መመለሻ የለም። የሴቭን ስም ቀይር፣ ኦሪጅናሉንም ሌላ ፎልደር ውስጥ ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ።

አንድ ሰው ደግሞ ስድስት «ሪፍሬሽ» ደርድሮብሃል። ማን እንደሆነ አልጠይቅህም። ሪፍሬሽ ስክሪኑን እንደገና ይስላል እንጂ ማውረዱን አይጠብቅም፤ ሁሉንም አጥፋቸው። ሂስቲዲን 87 የተባለውን አሚኖ አሲድ ቢጫ የሚያደርገው መስመር ላይ ያለችው ነጠላ ሰረዝም የኛዋ «፣» ናት። በሁለተኛው ዙርም ቢጫ አልሆነም፣ አላየኸውም እንጂ። ወርድ ላይ በአማርኛ ኪቦርድ የሚጻፍ ስክሪፕት መጨረሻው ይኸው ነው፤ ኖትፓድ ተጠቀም።

ፓይሞሉን በፍላሽ የተገኘ ክራክ ነው ብለሃል። ክፍት ምንጭ የሆነው በነፃ እያለ ለምን? ፍላሽን ደግሞ አላምንም። እዚህ ባሕር ዳር 64 ጊጋ ብለው የሸጡልኝ፣ 8 ጊጋ ሲሞላ የቆዩትን ፋይሎች ይበላ ጀመር። ኦሪጅናልህን ፍላሽ ላይ ብቻ አትተወው፤ አሁንም እደግመዋለሁ፣ ሪሙቭ ከመንካትህ በፊት ኮፒ።

አስተካክለህ ስትጨርስ፣ ከሎድ ቀጥሎ ከሪሙቭ በፊት «ካውንት_አተምስ ሬስን ሄም» የሚል፣ የሄሙን አተሞች የሚቆጥር መስመር አስገባ። አራት ሄም አለ፣ እያንዳንዱ 43 አተም፤ 172 ሊልህ ይገባል። ዜሮ ካለህ ሞለኪዩሉ አልገባም ወይ የሄሙን ስም ተሳስተሃል። 86 (የሁለት ሄም ብቻ) ካለህ ግን ኦሪጅናልህ ላይ ሴቭ አድርገህበታልና እንደገና አውርደው።