ጠጠሩን ጭቃ ዋጠው

ጥያቄ፦ አቃቂ፣ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ያለውን የእግር መንገድ በበጎ ፈቃድ እንጠግናለን። በየክረምቱ ጠጠር ብናፈስም ነሐሴ ላይ ጭቃ ይውጠዋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጥፋቱ የጠጠሩ ሳይሆን የውሃው ነው። መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ውሃ ሲጠጣ አብጦ ይለሰልሳል፤ የተረገጠ ጠጠር ይሰምጣል። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ከመንገዱ በላይ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። ለስላሳውን አፈር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አንሱና ድንጋይ ደልድሉ፤ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ቀይ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) አልብሳችሁ ጠቅጥቁ። የመንገዱ ገጽ በአንድ ሜትር ስፋት 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ሐይቁ ያዘንብል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ ይተኛበታል፣ መንገደኛውም ኩሬውን ሲሸሽ ሣሩን ረግጦ መንገዱን ያሰፋዋል።

ነሐሴ ላይ ቁፋሮ ይቅር፤ ቦይ መጥረግ ብቻ። ሐይቁ የከተማውን ፍሳሽ ስለሚቀበል ቦቲና ጓንት አይለያችሁ።